የሩቅ ወዳጅ

“ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” ይላል ያገሬ ሰው። ቤት ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚደርሰው፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ በሩ የሚንኳኳው፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት ነውና ይህን ብሂል የሚሞግት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ይሁን እንጂ የአገራችንን የውጭ ግንኙነት ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይደንቀኛል። ሕዝቡ በየመንደሩ የሚተዳደርበትን ብሂል ቤተ መንግሥቱ ገልብጦ ኖሮበታል! ከመቶ ዓመት በላይ ኢትዮጵያን የገዙ ሰዎች በእምነትም በርዕዮትም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ እንጂ በአንድ ነገር ተመሳስለዋል፤ ወዳጅ ሲሹ ዓይናቸውን የሚጥሉት ከአድማስ ማዶ ነው።

ነገሩ ከጅልነት የመጣ አይደለም። በ1890ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደኛ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግቶ ዙሪያውን የቃኘ ሰው፣ ጎረቤት የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ እንደተለወጠ ያያል። በሰሜን ኤርትራን የያዘችው ኢጣሊያ ናት። በምሥራቅ ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ በርበራ የእንግሊዝ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የሶማሌ ጠረፍ እንደገና የኢጣሊያ ነው። በምዕራብ ሱዳንን፣ በደቡብ ኋላ ኬንያ የተባለውን አገር እንግሊዝ ይዛለች። አጥራችን ሥር የቆሙት ሦስቱም ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ነበሩ፤ በእጃቸው የያዙትም እንስራ ሳይሆን ክብሪት ነበር። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ነገር አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው አልደግመውም። እንዲህ ያለ ጎረቤት የገጠመው ቤት ማንን ወዳጅ ያድርግ? መሬቱን የማይመኝበትን ነዋ! መሬቱን የማይመኘው ደግሞ ድንበር የማይጋራው፣ ሩቅ ያለው ነው።

ምኒልክ ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቁስለኛ ሲያክሙ የኦርቶዶክሳዊ ወንድማማችነት ነገር ብዙ ተወርቷል። እኔ ግን ከሃይማኖቱ አንድነት ይልቅ የሚበልጠው ምክንያት ሩሲያ በአፍሪካ ምድር አንድ ጋሻ መሬት እንኳ ያልነበራት መሆኗ ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1896 ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ በበቅሎና በግመል ተጉዞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ የንግድ ውልም ተፈረመ። በ1897 ጀርመን ተከተለች። ምኒልክ የሩቁን ሁሉ በክብር ተቀበሉ።

ጎረቤቶቹ ግን ዝም አላሉም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲታመሙ አይተው በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተቀምጠው፣ አገሪቱ ብትፈርስ ማን የትኛውን ጥቅሙን እንደሚጠብቅ ተዋዋሉ። ባለቤቱን የጠየቀ አልነበረም። ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው የሰጡት መልስ በዲፕሎማሲያችን ታሪክ ከማደንቃቸው መልሶች አንዱ ነው፤ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን ወረቀታችሁ የእኔን ሥልጣን አያስረውም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ጥቂት ልጨምር፤ የባንክ ጸሐፊ ነኝና ይፈቀድልኝ። በየካቲት 1898 የተከፈተው የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በሐምሳ ዓመት ብቸኛ መብት የቆመና በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል በእንግሊዞች እጅ የነበረ ተቋም ነው። ጎረቤት አጥር ላይ ብቻ ሳይሆን ካዝናው አጠገብም ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ካሣ ከፍለው ውሉን አፍርሰው የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ሕገ መንግሥቱና ዘውዱ ብዙ ቦታ ይይዛሉ፤ ይህ የባንክ ግዢ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

*

ራስ ተፈሪ የሩቅ ወዳጅን ፍለጋ ከምኒልክ የወሰዱት ልማድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሥርዓት አበጁለት። አማካሪ ሲቀጥሩ ከሲዊድን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከቤልጅግ፣ ከአሜሪካ ነው። የክብር ዘበኛን ቤልጅጎች አሠለጠኑት፤ የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ሲዊድኖች አቆሙት፤ የገንዘቡ አማካሪ ኮልሰን አሜሪካዊ ነበር። በ1918 እንግሊዝና ኢጣሊያ በጣና ግድብና በባቡር ሐዲድ ጉዳይ ከኋላቸው ሲስማሙ ነገሩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረቡት፤ ሁለቱም አፈሩና ወደ ኋላ አሉ። ወዲያው በ1920 መግቢያ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሜሪካ ተልከው የጣናን ግድብ ጉዳይ ከአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። የዓባይን ውኃ እንኳ ሳይቀር ለሩቁ ሰው!

ሥነ ጽሑፍ ወዳድ አንባቢ በዚህ ዘመን ላይ ቆም ቢል ደስ ይለኛል፤ የውጭ ጉዳያችን ያን ጊዜ በደራሲዎች እጅ ነበርና። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1924 ጃፓን ሄደው ሲመለሱ የጻፉት መጽሐፍ ርእሱ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” ነው፤ አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባየው አገር ምን ያህል እንደተማረከ ለማወቅ ርእሱ ብቻ ይበቃል። ጃፓን ነጭ ሳትሆን ነጭን ያሸነፈች፣ ንጉሥ ያላት፣ የዘመነች፣ ከሁሉም በላይ ሩቅ ነበረች። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ ጋር እያስተያዩ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር “ፋቡላ”ን የጻፉት ሰው ናቸው። በልጅ አርአያ አበበና በአንዲት ጃፓናዊት ወይዘሮ መካከል የጋብቻ ወሬ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር፤ ቀረ እንጂ።

ታዲያ ጊዜው ሲደርስ ምን ሆነ? ኢጣሊያ ጦር ማጓጓዝ ጀምራ ሳለ በሰኔ 1927 ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነትን የሚከለክለውን የኬሎግ ቃል ኪዳን እንድታስከብር አሜሪካን ጠየቁ፤ አሜሪካ በጨዋ ቋንቋ እምቢ አለች። በነሐሴ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተሞከረ። ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ አዲስ አበባ መጥቶ ለአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ የአገሪቱን ምሥራቃዊ ግማሽ ያህል ለ75 ዓመት እንዲፈልግበት ተፈረመለት። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ አሜሪካ በመሬታችን ላይ ጥቅም ካላት ሙሶሊኒ ያንን መሬት ሲደፍር ዝም አትልም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን ኩባንያውን ተጭኖ በቀናት ውስጥ ውሉን እንዲጥል አደረገው። አንዳንዶች ይህን የኮንሴሲዮን ነገር እንደ ነውር ያነሡታል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ወዳጁ ያለ ምክንያት እንደማይመጣለት የተረዳ ሰው ምክንያት ሊሠራለት መሞከሩ ነው። የከሸፈው ጊዜው ስለረፈደ ነው።

የቀሩትም ወዳጆች በየተራ ተፈተኑ። ሂትለር በድብቅ መሣሪያ ሸጠልን፤ እኛን ወድዶ ሳይሆን በኦስትሪያ ጉዳይ የተቃወመውን ሙሶሊኒን በአፍሪካ ለማሰር። የብርሃን ማኅደር የተባለችው ጃፓን በ1929 አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የኢጣሊያን ግዛት ተቀበለች፤ ኢጣሊያም በምላሹ ጃፓን በያዘችው ማንቹሪያ ቆንስላ ከፈተች። ኅሩይ ይህን የሰሙት በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ነው፤ በ1931 እዚያው አረፉ። ምን ብለው ይሆን? በዚያ መጽሐፍ ላይ አንድ ምዕራፍ ለመጨመር እጃቸውን አላሳከካቸው ይሆን እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ።

የመንግሥታቱን ማኅበር ነገር በአጭሩ ልለፈው። “ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች” እንዲሉ፣ በመስከረም 1916 አባል ስንሆን ላታችንን ውጭ አሳደርን። ነዳጅን ያልጨመረ ማዕቀብ ተጣለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ሲያፏጩባቸው ታግሠው፣ በአማርኛ ተናገሩ፤ ከዚያም በኋላ በሳምንታት ውስጥ ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ። ወረራውን ፈጽሞ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ሜክሲኮ ከእኛ የምትፈልገው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ልታደርግልን የምትችለውም አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማ ደግሞ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። በየቀኑ በታክሲ ረዳት አፍ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ሲባል ከምንሰማው ጥሪ ጀርባ ይህ አለ።

*

እኛ ባንክ ቤት ያለን ሰዎች ብድርን መያዣ ያለውና መያዣ የሌለው ብለን እንለያለን። መያዣ የሌለው ብድር በተበዳሪው ጠባይና ስም ላይ የቆመ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን አበዳሪው መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። እስከ 1928 የነበረው የሩቅ ወዳጅነታችን ሁሉ መያዣ የሌለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ ከተማ በተቀመጡባቸው የስደት ዓመታት ይህን ያሰላሰሉት ይመስለኛል፤ ከ1933 በኋላ የሠሩት ሥራ በሙሉ መያዣ የማበጀት ሥራ ነውና።

በሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ኢጣሊያ ከአጥሩ ተነቅላለች፤ ነፃ ያወጣን ጎረቤት እንግሊዝ ግን ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆሟል። በጥር 1934 በተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሌላ አገር አማካሪ ለመቅጠር እንግሊዝን ማማከር ግድ ሆነባቸው፤ ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀረ። ገንዘቡስ? ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን የሚሠራበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሆነ፤ ሽልንጉን የሚያስተዳድረው ቦርድ የሚቀመጠው ለንደን ነበር። ነፃ አገር ነን፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው ግን የጎረቤት ገንዘብ ነው።

በ1935 ይልማ ዴሬሳ አሜሪካ ተላኩ። ለምግብና እርሻ ጉባኤ ሄደው ሩዝቬልትን አገኙ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የብድርና ኪራይ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያም የካቲት 6 ቀን 1937፣ ሩዝቬልት ከያልታ ሲመለስ ስዊዝ ቦይ ላይ ባለው መራራ ሐይቅ በቆመች የጦር መርከብ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ የሄዱት በአሜሪካ አውሮፕላን በምስጢር ነው፤ እንግሊዞች ነገሩን ሲሰሙ አልተደሰቱም። ቸርችልም ካይሮ ላይ ተከትሎ አገኛቸው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937፣ ሽልንጉን የሚተካው አዲስ የኢትዮጵያ ብር ታወጀ። ያንን የብር ኖት በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያያል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና የባንኩን ገዢ ፊርማ። ገዢው ጆርጅ ብሎወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነው! ኖቱ የታተመው አሜሪካ ነው፤ ሐምሳ ሳንቲሙ የተቀረጸበት ብርም በብድርና ኪራይ ሕግ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የውጭ ፖሊሲያችንን ለውጥ ከንግግሮችና ከውሎች ያነባሉ። እኔ ግን ከዚያች ወረቀት ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚናገር ሰነድ አላውቅም፤ የቅርቡ ጎረቤት ገንዘብ ወጥቶ በሩቁ ወዳጅ የተፈረመ ገንዘብ ገባ። በታኅሣሥ 1938 የተቋቋመው አየር መንገዳችንም ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል የቆመ ነው፤ ያም የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

መያዣው ግን ገና አልተገኘም ነበር። የተገኘው አስመራ ላይ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው፣ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀችው ከተማ ለሬድዮ ሞገድ የተፈጠረች ናት፤ አሜሪካውያን የቀድሞውን የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ጣቢያ ከ1935 ጀምሮ ይጠቀሙበት ነበር። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ ግንቦት 14 ቀን 1945 ጣቢያው ለ25 ዓመት ተፈቀደላቸው፤ በዚያው ዕለት የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ። ለሪኬት የተሰጠው ነዳጅ ያላስገኘውን አንቴናው አስገኘ። ሽቦ ነው፤ ዋሽንግተን ግን ፈለገችው።

ጣቢያው በኋላ ቃኘው ተባለ፤ ኮሪያ ላይ በተዋጋው ሻለቃ ስም። በ1943 መዝመት የጀመሩት፣ በየተራ የተተኩት ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ አንድም አልተማረከም። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን የላኩት በ1928 የተነፈጉትን የጋራ ደኅንነት ሕግ በሌላው ቤት ላይ ሊያስከብሩ ነው የሚሉ አሉ፤ የሩቁን ወዳጅ ሊገዙበት ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እነዚያ ወጣቶች የሞቱለት ነገር በሁለቱም በኩል እውነት መሆኑ ኀዘኑን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

የመያዣ ችግሩ ግን ዋጋው ሊወድቅ መቻሉ ነው። ሳተላይት ሰማይ ላይ ወጣ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ሌላ ጣቢያ ተሠራ፤ የአስመራው ሽቦ አረጀ። በ1969 ካርተር በሰብዓዊ መብት ስም ርዳታ ሲቆርጥ (አገር ቤት የሚፈስሰው ደም እውነት ነበር፤ ስሙ ብቻ አልነበረም) ቃኘው ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው ግቢ ነበር። ደርግ በሚያዝያ ዘጋው፤ በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ነበሩ። በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦር በሶቪየት ታንክ ኦጋዴን ገባ፤ ክረምቱ አልፎ በጋው ሳይጋመስ ሶቪየቶች ሞቃዲሾን ትተው እኛን ማስታጠቅ ያዙ። ካራማራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 የተገኘውን ድል ስናከብር፣ ያን ዓመት የሩቅ ወዳጅ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ይልቅ የተማረችው ሶማሊያ መሆኗን እናስታውስ ይሆን? በርበራን ያህል ወደብ መያዣ ሰጥታ ነበርኮ! ተራው ለእኛ የደረሰው ጎርባቾቭ የመጣ ጊዜ ነው።

*

አሁንስ? ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያ ብሪክስን ተቀላቀለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከአይ.ኤም.ኤፍ. ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ተጀመረ። ያን ሰኞ ጠዋት የምንዛሪ ሰሌዳው ሲለወጥ ከመስኮቱ ጀርባ ነበርሁ፤ ደንበኞች ቁጥሩን ደጋግመው ያነብቡ ነበር። የዕዳችን አሸጋሸግ ኮሚቴን በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። አንድ እጅ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ እጅ ወደ ምዕራብ። ይህን ወላዋይነት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን የምኒልክ ልጆች መሆናችንን ነው የማየው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አጥሩ ተለውጧል። ጎረቤቶቻችን ዛሬ በመርከብ የመጡ አይደሉም፤ ቋንቋችንን የሚጋሩ፣ ከብታቸው ከከብታችን ጋር አንድ ኩሬ የሚጠጣ ሰዎች ናቸው። ዓይናችን ግን ገና ከአድማስ ማዶ ነው፤ እነሱም እንደኛው። ይህ ልማድ የተሰበረባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። ኬንያ ነፃ በወጣችበት ሰሞን የተፈረመው የመከላከያ ውል አንዱ ነው፤ በሁለቱም አገር ስንት መንግሥት ተለዋውጦ ድንበሩ ሰላም ሆኖ ቆይቷል፤ እንደ ጄኔቫው ንግግር ግን ማንም አያስታውሰውም። በየካቲት 1964 የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት ለአሥር ዓመት ያህል ያበረደው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ መፈረሙም ሌላው ነው።

ዓባይ ግን ሁሉንም በአንድነት ይዟል። ናስር ለአስዋን ግድብ ወደ ሶቪየት ሲዞር የዓባይን ሸለቆ ሊያጠና የመጣው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥናቱ በ1956 ታተመ፤ ከአንድ ግድብ በቀር ሁሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። በመጋቢት 2003 ግንባታው ሲጀመር ሩቅ ያለ አበዳሪ ስላልተገኘ ገንዘቡ ከደመወዝና ከቦንድ ተሰበሰበ። በሙያ ዘመኔ ስንት ቦንድ እንደሸጥሁ አልቈጠርሁም። ገንዘባቸውን በመሐረብ ቋጥረው የሚመጡ እናቶች ወለዱ ስንት ነው ብለው አይጠይቁም ነበር፤ መቼ ያልቃል ይላሉ እንጂ። በ2012 ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ሩቁ ሄደ፤ ዋሽንግተን በገንዘብ ሚኒስቴሯ በኩል ላደራድር አለች፤ ኢትዮጵያ በየካቲቱ የመጨረሻ ስብሰባ ሳትገኝ ስትቀር አሜሪካ ከርዳታዋ ከፊሉን አገደች።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ጉባ ላይ ግድቡ ተመረቀ። በእንግድነት ከተቀመጡት መካከል የኬንያ፣ የጅቡቲ፣ የሶማሊያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ነበሩ፤ ጅቡቲና ኬንያ ከእኛ መብራት ይገዛሉ። ካይሮ በዚያው ዕለት ለጸጥታው ምክር ቤት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈች፤ ወደ ኒው ዮርክ።